አቤት በይ

ደብዳቤው እነሆ፦

«ሰላም ለእርስዎ እትዬ። 20 ዓመቴ ነው፣ የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን ከቤት ርቄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ እማራለሁ። አካውንቲንግ የአባቴ ምርጫ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ማንበብ ነው። ዶርም ውስጥ ቀለሜ ይሉኛል፣ ግን ቀለሜ እንኳ አይደለሁም፤ ቀለሜ የሚያነበው ሃንድአውት ነው። እኔ ፍቅር እስከ መቃብርን ሦስት ጊዜ፣ ግራጫ ቃጭሎችን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፤ ከአድማስ ባሻገርን የጨረስኩት ፈተና ሳምንት ላይ ነው። እናቴ ስትደውል ‹ይሄ መጽሐፍ ነው የሚያሳብድሽ› ትለኛለች።

ችግሬ ህልም ነው። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ህልም ይመላለስብኛል። አያቴ ቤት ነኝ። ጓዳ ስገባ ከማድጋው ጀርባ በር አለ። በእውነተኛው ቤት እንዲህ የሚባል በር የለም። ከፍቼ ስገባ ክፍሉ እስከ ጣሪያው መጽሐፍ ነው። አንዱን አወጣለሁ። የመጀመሪያውን መስመር አነባለሁ፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ፊደሎቹ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያውን መልሼ ሳየው እሱም ተለውጧል። ከዚያ ከውጭ ሰው በስሜ ይጠራኛል። ልመልስ አፌን ስከፍት ድምፅ የለኝም። እነቃለሁ፤ አንዳንዴ ስነቃ ለትንሽ ጊዜ መንቀሳቀስም ያቅተኛል። ዘንድሮ ብሶበት በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይመጣል። አክስቴ ጠበል ግቢ አለችኝ። አያቴ ‹ኸይር ነው በይ› ብላ ዝም አለች። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት የፍሮይድ ፒዲኤፍ ደግሞ ጭራሽ አስፈራኝ።

ሌላው፣ ውስጤ ከውጪዬ በጣም ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር አወራለሁ፣ ሰው ፊት ግን ሁለት ቃል አይወጣኝም። ስለማነበው ነገር የማወራው ሰው የለም። በቀደም አንድ የክላሳችን ልጅ ግራጫ ቃጭሎችን አውሺኝ ብሎኝ ነበር፤ ጠርዙ ላይ የጻፍኳቸው ነገሮች ስላሉ ጠፍቶብኛል ብዬ ዋሸሁት። ህልሙ ምን ማለት ነው? ጤነኛ ነኝ?

የጓዳዋ ልጅ»

ሰላም የጓዳዋ ልጅ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ከጻፍሽው ውስጥ ጤናሽን የሚያጠራጥር ነገር አላየሁም። እናትሽ ስትደውል ታነሻለሽ፣ ክላስ ውስጥ ማን ምን እንዳለሽ ታስታውሻለሽ፣ ህልሙን ከእውነቱ ትለያለሽ። «በእውነተኛው ቤት እንዲህ የሚባል በር የለም» ያልሽው አንቺው ነሽ። ይህን ያህል ከለየሽ ይበቃል።

ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው የቆምኩት ህልሙ ላይ አልነበረም። መጨረሻ ላይ በሩጫ ያለፍሽው የክላስሽ ልጅ ላይ ነው። እሱ ጋ እንመለሳለን። መጀመሪያ ህልሙን እንጨርሰው፤ እሱን ካልጨረስን ሌላውን አትሰሚኝም።

ፍሮይድን ዝጊው። ለጊዜው ማለቴ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ስለ ህልም የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ሰው ያጨቃጭቃል። ግን ለእሱ በህልም የታየ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ በሩና መክፈቱ ደግሞ ወዴት እንደሚወስደው አንብበሻል፣ ያስፈራሽም እሱ ይመስለኛል። እኔ የምልሽ፣ ቪየና ቁጭ ብሎ የሠራው ፍቺ ደሴ ያለ የአያትሽን ጓዳ አይመለከትም። ሰውየው ማድጋ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ከእሱ በኋላ ነገሩ ብዙ ርቆ ሄዷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ የሚሮጥበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አሳዩ። በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ህልም ላይ እንደነበር ይናገራል። ይሄ የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፣ ወደ ንጋት ሲሆን ይረዝማል። የንጋት ህልም ጎልቶ የሚታወሰን ለዚህ ነው። ታዲያ በዚያ ሰዓት አንጎል ገላን ያስረዋል። ባያስረው ኖሮ ሁላችንም ህልማችንን እየተከተልን ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አልፎ አልፎ ግን አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ገላ ታስሮ ይቀራል። እሱን ነው እናቶቻችን ዱካክ የሚሉት። ደረትሽ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ይመስልሻል፣ ልትጮሂ ብትይ ድምፅ እምቢ ይላል። ሲይዝ ያስፈራል፤ ቢሆንም በሰኮንዶች፣ ቢበዛ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል፣ ጉዳትም የለውም። እንቅልፍ ሲጎድል፣ የመኝታ ሰዓት ሲዘበራረቅ፣ በጀርባ ሲተኛ ይብሳል። አንቺ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ በስልክ መብራት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምታነቢ ልጅ መሆንሽን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ስድስት ሰዓት ላይ ዝጊው። በጎንሽ ተኚ። የእሱ ነገር ይኸው ነው።

ፊደሎቹ መለዋወጣቸውም አንቺ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። ህልም ውስጥ ማንበብ ብዙ ሰው ያቅተዋል። እንዲያውም ህልም ላይ መሆናቸውን እያወቁ ማለም የሚለማመዱ ሰዎች በዚሁ ራሳቸውን ይፈትናሉ፤ ጽሑፍ አንብበው ዞር ይሉና መልሰው ሲያዩት ከተለወጠ፣ ህልም ላይ ነኝ ማለት ነው ይላሉ። ውሎው ፊደል ላይ የሆነ ሰው በህልሙም ፊደል ቢያሳድድ ምኑ ይገርማል?

በ1977 ደግሞ ሁለት የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሰዎች ብቅ ብለው፣ ህልም ማለት ከአንጎል ግርጌ የሚነሳ የተዘበራረቀ ምልክት ነው፣ የላይኛው አንጎል ያንን ተቀብሎ እንደ ምንም ታሪክ ሊያስመስለው ይታገላል አሉ። ይሄም ሁሉን አላሳመነም። እኔ ከክርክሩ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ያ ክፍልና ያ ሁሉ መጽሐፍ የራስሽ ሥራ ነው፣ ከሌላ ቦታ የተላከብሽ ነገር የለም።

መደጋገሙ እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል። ሁላችንም ከልጅነታችን የሰማነው ነገር አለ፤ ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ዮሴፍ ለፈርዖን፣ ህልሙ ሁለት ጊዜ የተደጋገመው ነገሩ ከእግዚአብሔር ዘንድ የተቆረጠ ስለሆነ ነው ይለዋል። ግን እዚያ ያለው ዮሴፍ ነው፣ አላሚው ፈርዖን ነው፣ የመጣውም የሰባት ዓመት ረሃብ ነው። የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ህልም ሲደጋገም ብዙውን ጊዜ ወይ ቀን ላይ ያልተቋጨ ነገር አለ፣ ወይ ደግሞ ህልሙን እየፈራች ትተኛለች። አንቺ ዘንድ ሁለቱም ያለ ይመስለኛል።

ፍርሃቱን በተመለከተ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ1987 የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ሰብስበው ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ አሏቸው። በሕይወታቸው ነጭ ድብ ትዝ ብሏቸው የማያውቁት ልጆች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከድቡ መላቀቅ አቃታቸው። በኋላም የሙከራው መሪ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ነገሩን ወደ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከመተኛቱ በፊት አንድን ሰው እንዳያስብ የተነገረው ተማሪ ያንኑ ሰው በህልሙ ይበልጥ ያየው ነበር። አንቺም «ዛሬስ እንዳይመጣብኝ» እያልሽ ስትጋደሚ በገዛ እጅሽ እየጠራሽው ነው።

አያትሽ ግን አዋቂ ናቸው። አክስት ጠበል፣ አያት ኸይር፤ ወሎ ነዋ! ቁርአኑ ላይ ያዕቆብ ልጁን ዩሱፍን ህልምህን ለወንድሞችህ አትንገር ይለዋል። ኦሪቱ ላይ ነግሯቸው ጉድጓድ ገባ። አያትሽ «ኸይር ነው በይ» ብለው ዝም ያሉት ይሄን ስለሚያውቁ ነው፤ ህልም ለማንም አይዘረገፍም። ህልም እንደፈቺው ነው ይባል የለ? አንዱ ትዳር ነው ይልሻል፣ ሌላው ሞት ነው ይልሻል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለራሳቸው ነው። በተለይ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ ህልም እፈታለሁ ለሚል ሰው ሳንቲም እንዳትልኪ። ጠበሉ እምነትሽ ከሆነ ሂጂ፣ ከአክስትሽ ጋር መንገዱም ደስ ይላል፤ ብቻ በሽተኛ ነኝ ብለሽ አትሂጂ።

አሁን የሚሠራ ነገር ልስጥሽ። ለሚመላለስ ቅዠት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ ነው። ቀን፣ ነቅተሽ፣ ህልሙን ወረቀት ላይ ትጽፊዋለሽ። ከዚያ መጨረሻውን እንደፈለግሽ ትለውጪዋለሽ። አዲሱን ህልም በየቀኑ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ዓይንሽን ጨፍነሽ በሃሳብሽ ትሄጂበታለሽ፣ አሮጌውን ተይው። ለሳምንታት ነው የሚሠራው፣ በሁለት ቀን ውጤት አትጠብቂ። ሌላ ሰው ቢሆን «ህልም እንዴት ይለወጣል?» ይለኝ ነበር። አንቺ ግን ፍቅር እስከ መቃብርን ሦስት ጊዜ ያነበብሽ ልጅ ነሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ በዛብህን በልብሽ ስንት ጊዜ አድነሽዋል? ሰብለወንጌልን ስንት ጊዜ ቀድመሽ አድርሰሻታል? እንግዲያው ሥራውን ታውቂዋለሽ።

እኔ ብሆን የምለውጠው መጽሐፉን አይደለም። ሰው በስሜ የሚጠራኝን ቦታ ነው የምለውጠው። ከውጭ ሲጠሩሽ ድምፅ ይኑርሽ። «አቤት!» በይ። «ጓዳ ነኝ፣ ግቡ» በይ። ማን እንደሚገባ አንቺ ምረጪ። አያትሽ ቢገቡና ያን ሁሉ መጽሐፍ አይተው «ይሄን አቧራ ማን ሊጠርገው ነው?» ቢሉ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ይሄን ሞክረሽ እየባሰ ከሄደ ግን፣ መተኛት ራሱ ካስፈራሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ክላስ መግባት ካቆምሽ፣ ወይ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሃሳብ ከመጣብሽ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ክሊኒክ ሂጂና ተናገሪ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይልኩሻል። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻሽን አትያዢው።

የእናትሽን ነገር ላንሳ። «ብዙ ማንበብ ያሳብዳል» አገር አቀፍ አባባል ነው፣ ያልተባለ አንባቢ የለም። በየሠፈሩ መጽሐፍ ይወድ የነበረ አንድ ሰው ቢታመም ሰው የሚያስታውሰው መጽሐፉን ነው። አንድ ገጽ ሳይገልጡ የታመሙትን ማንም አልቆጠራቸውም። እናትሽ ግን የስታቲስቲክስ ሰው አይደለችም፣ ልጇ የራቀችባት ሴት ናት። የምትፈራው ዝምታሽን ይመስለኛል። ስትደውል «ደህና ነኝ፣ በላሁ፣ እሺ ቻው» ብለሽ ትዘጊባታለሽ፣ አይደል? አንድ እሁድ ጠይቂያት፤ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲያነበው ሰምታ እንደሆነ። ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን ያወቃቸው በዚያ ድምፅ ነው። እሷ ባትሰማ አያትሽ ሰምተው ይሆናል። ከዚያ ስልኩ ቶሎ አይዘጋም፣ ካርድሽን ሙዪ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። «ቀለሜ የሚያነበው ሃንድአውት ነው» ያልሽው አስቆኛል፣ ግን ውስጡ ንቀት አለበት። «ውስጤ ከውጪዬ ይበልጣል» ደግሞ የማን አይበልጥም? አልጋሽ ላይ ካለው ቆጥ የምትተኛዋ ልጅ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታ ጣሪያ ስታይ ምን እንደምታስብ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ማንበብ ያስተማረሽ ትልቁ ነገር እኮ ይሄ ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት ዝም ያለ ሰው ውስጡ ስንት ገጽ እንደሚያወራ። ልብ ወለድ ላይ ይሄን ታምኛለሽ፣ ዶርም ላይ ግን አልታየሽም።

ለመሆኑ የወደድሻቸውን መጻሕፍት ተመልክተሻቸዋል? ዝርዝርሽን ሳየው አንድ ነገር ገርሞኛል። ከአድማስ ባሻገር ላይ አበራ ወርቁ አለ፣ ቢሮ ተቀምጦ ልቡ ሥዕል ላይ ነው። ግራጫ ቃጭሎች ላይ መዝገቡ አለ፣ ዓለሙ ሁሉ በራሱ ውስጥ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር ላይ ሁሉም ሰው በዛብህንና ሰብለን ነው የሚያወራው፤ አንቺ ግን ሦስት ጊዜ የተመለስሽው ለእነሱ ብቻ አይመስለኝም። ጉዱ ካሣ አለ። ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው፣ ጉዱ ያሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ የሚያስበውን ስለተናገረ አብዷል ብለው። አየሽ፣ «ያሳብድሻል» አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመ ልብ ወለድ ውስጥም አለ። ሰው የማይሰማውን ሰው ነው ሁሌም የምትመርጪው።

ነገር ግን ጉዱ ካሣ አንድ የሚሰማው ሰው ነበረው። አገር ሙሉ እብድ ሲለው በዛብህ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል፣ ይከራከረዋል፣ አንዳንዴም ይፈራለታል። ሀዲስ ዓለማየሁ የጉዱ ካሣን ሃሳብ ለብቻው እንዲያጉረመርም ብቻ አድርገው መጻፍ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ሰሚ ሰጡት። ያ ሰሚ ባይኖር ያን ሁሉ ስለ ሹማምንቱና ስለ ልማዱ የሚናገረውን እኛም አንሰማውም ነበር። በእኔ ግምት መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደስ የሚለው ነገር የሁለቱ ወዳጅነት ነው፣ ከፍቅሩም ይበልጥብኛል። (ይሄን ስል የሚቆጡኝ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ይቆጡ።)

እና አሁን ልጁ ጋ መጣን።

አንቺ የምትይው ስለማነበው የማወራው ሰው የለም ነው። በቀደም አንድ ሰው መጥቶ ከአገር መጽሐፍ ሁሉ ግራጫ ቃጭሎችን ጠየቀሽ። ስምሽን ጠርቶ። አንቺ ጠፍቶብኛል አልሽው። ህልምሽን ልፈታልሽ አይደለም፣ ፍቺ ላይ ያለኝን ሃሳብ ነግሬሻለሁ። ግን በዚህ ቀን የሆነውን ራስሽ መልሰሽ አንብቢው።

ጠርዙ ላይ ምን እንደጻፍሽ ልገምት? የሆነ ቦታ «እኔን ነው» ይላል። የሆነ ቦታ «እንዴት አወቀ?» ይላል፣ በሁለት የጥያቄ ምልክት። አንድ አንቀጽ ከጎኑ ሙሉ ተሰምሮበት ምንም አልተጻፈበትም፣ እሱ ነው ከሁሉም የሚያሳፍረው። አንድ ገጽ ላይ ቀን አለ፣ ያን ቀን ምን እንደሆንሽ አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ። መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ደግሞ ለደራሲው የተጻፈ የሚመስል ረጅም ነገር አለ። ልጁ ይሄን ቢያነብ ምን ይሆናል? አንዱ አማራጭ፣ ምንም አይለውም፣ ታሪኩን አንብቦ ይመልስልሻል፣ አብዛኛው ሰው የሌላውን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ይሰንፋል። ሁለተኛው፣ ይስቅብሻል፤ እንግዲያው የማን ወዳጅ እንደማትሆኚ በአንድ መጽሐፍ አወቅሽ፣ ርካሽ ነው። ሦስተኛው፣ «እኔም እዚህ ጋ ቆሜ ነበር» ይልሻል። አንቺ የፈራሽው ሁለተኛውን ይመስልሻል፤ እኔ ግን ሦስተኛውን ነው እላለሁ። ሰው ውስጥሽን አይቶ ደህና ነው ካለ፣ ከዚያ በኋላ ሰው አይገባኝም እያሉ መቀመጥ አይቻልም።

በነገራችን ላይ ጠርዝ የሚስጥር ቦታ ነው ያለሽ ማነው? የድሮ ብራናዎቻችንን ኅዳግ ብታዪ የመሬት ስጦታና የሽያጭ ውል ሳይቀር ተጽፎበታል፣ እማኝ ተቆጥሮበት፣ ሰው እንዲያየውና እንዲመሰክርበት። አንቺ ደግሞ እኔን ነው የሚል ቃል ጽፈሽ ልትሞቺ ነው።

ስለዚህ አውሺው። «ተገኘልኝ» ብለሽ ግን ሌላ ውሸት አትጨምሪ። «ጠፍቶብኝ አልነበረም፣ የጻፍኩበት ነገር ስላለ አፍሬ ነው» በይው። ከሁለት ቃል ይበልጣል፣ አውቃለሁ። ከከበደሽ በቴክስት ላኪለት። ልጁን ባል አድርጊው እያልኩሽ አይደለም፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም፣ ምናልባት ፍቅረኛ አለው፣ ምናልባት ሽፋኑን ወዶት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያነብ ሰው ግን ግቢ ውስጥ በየዶርሙ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ሲገኝ እንዲህ አይባረርም። ግቢያችሁ የንባብ ክበብ ካለው እዚያም ብቅ በይ፤ መጀመሪያ ቀን ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ማንም አያስወጣሽም። አዲስ አበባ የመጣሽ ጊዜ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ፣ ወመዘክር አለልሽ።

አካውንቲንጉ? ስለሱ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም አንቺም ብዙ አላልሽም። ከጠላሽው ሴሚስተሩ ሳያልቅ ዲፓርትመንት መቀየር ይቻል እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቂ፣ ለአባትሽም ፊት ለፊት ንገሪ። የማትጠይው ከሆነና ሰበብ ብቻ ከሆነብሽ ግን ተማሪው። ሀዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትም ሚኒስትርም ነበሩ። የከአድማስ ባሻገር ደራሲ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፣ ማስታወቂያ ሚኒስቴርም ሠርቷል። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ዴቢትና ክሬዲት ከዚህ አይከፋም። ደመወዝ ያለው አንባቢ ደግሞ መጽሐፍ ይገዛል፤ አሁን ያለውን የመጽሐፍ ዋጋ ታውቂዋለሽ።

አንድ የቀረ ነገር። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ ተውሶ የሚመልስ የባሰ ሞኝ ነው የሚባልበት አገር ነው ያለነው፣ ስለዚህ ከመስጠትሽ በፊት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምሽንና ስልክሽን ጻፊበት። የምትመልስበት ቀን ይሄ ነው በይው፣ አትፈሪ። ሲመልሰው ጠርዙ ላይ እሱም የጻፈበት ነገር ካለ በእርሳስ ከሆነ አትቆጪው። በእስክሪብቶ ከሆነ እኔ የለሁበትም።